የሻሽ ደም የት ገባ

በርበሬ በሚሰናዳበት ሰሞን የተከራየሁበት ግቢ ሴቶች ምንጣፍ ዘርግተው ነጭ ሽንኩርት ሲልጡ እኔ ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ። ስንፍና ይመስላቸዋል። «የሀያት እጅ የሙሽራ እጅ ነው» እያሉ ይሳለቁብኛል። ይሳለቁ። በወጥ ውስጥ ሲሆን እኔም እንደ ሰው እበላዋለሁ፤ ችግሬ ጥሬው ነው። ተወቅጦ ያ ኃይለኛ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ መካነ ሰላም፣ ቤታችን ጓሮ፣ ጤዛው ላይ የቆምኩ ይመስለኛል። አያቴ ጎንበስ ብለው፣ አንዲት ነጭ ጥንቸል በጉልበታቸው መሀል ይዘው፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ።

ጥንቸሎቹ የታላቅ እህቴ የዘሀራ ናቸው። ትምህርት ቤቷ ውስጥ የግብርና ክበብ የሚባል ነገር ነበር፤ ጥንቸል ማርባት ለገበሬ ይጠቅማል ተብሎ ከደሴ በኩል በሳጥን ተጭነው መጡ። ያመጣቸው ሰው አንድ ነገር ዘንግቷል። በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጥንቸል አይበላም። ስለዚህ ማንም ሳይነካቸው ተዋልደው ተዋልደው የክበቡን ጓሮ ሞሉት፤ ክበቡም ሲሰለቸው ለአባላቱ አደላቸው። ዘሀራ ሦስቱን በካርቶን አድርጋ፣ በሻርፗ ሸፍና ቤት አመጣቻቸው።

«ምን ልታደርጊያቸው ነው?» አለቻት እማዬ።

«ላያቸው» አለች ዘሀራ።

እማዬ ይህን መልስ ለጎረቤት ስትናገር ከረመች። ልጅ አሳድጌ አሳድጌ «ላያቸው» አለችኝ እያለች። ግን እሷም ብትሆን ጎመን ስትከትፍ ውጪ ውጪውን ቅጠል ለይታ ማስቀመጥ ጀመረች።

ነጯን ዘሀራ ሻሽ አለቻት። አመድማዋን ቡላ አለቻት። ሦስተኛዋም ስም ተሰጥቷት ነበር፤ ነገር ግን የነካትን ሁሉ ስለምትነክስ፣ እጅ ባየች ቁጥር ስለምታጉረመርም፣ ስሟ ተረስቶ ነገረኛ ሆና ቀረች። ሦስቱም ከጎተራው ሥር፣ በጣውላና በሽቦ በተሠራ ቤት ውስጥ ይኖሩ ነበር።

የአሥረኛ ክፍል ውጤቷ አልመጣላትምና ዘሀራ በኅዳር ኩዌት ሄደች። ስትሄድ እኔን አቅፋ አለቀሰች፣ እማዬን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረችና ጥንቸሎቹን አየቻቸው። «አደራ» አለች። ለማን እንዳለች አልገባኝም፤ እኔ ለእኔ መስሎኝ ነበር። አያቴ ግን «በእኔ» ብለው መለሱ።

አባባ ሰይድ የእናቴ አባት ናቸው። በጉልምስናቸው ከከላላ እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ በቅሎ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ሲደክም ነው እኛ ጋ የገቡት። በቅሎ የሚገዛ ሰው ዛሬም ገበያ ላይ ካያቸው ክንዳቸውን ይዞ ይጎትታቸዋል። እሳቸውም አይጠሉም። የበቅሎዋን ከንፈር ገልብጠው ድዷን ያያሉ፣ ጆሮዋን ይዳስሳሉ፣ ከዚያ ራሳቸውን ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ጎን ያወዛውዛሉ፤ ገዢና ሻጭ እስትንፋሳቸውን ይዘው ያንን ጭንቅላት ይጠብቃሉ። ጥንቸል ግን በዕድሜያቸው ይዘው አያውቁም። ማንም አልጠየቃቸውም፣ እሳቸውም አላነሱም።

እሳቸውን ያስጨነቃቸው በሽታ አልነበረም፤ የሰው ዓይን ነበር። የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አጥራችን ላይ ተንጠልጥለው «ኧረ ሲያምሩ! ኧረ ሲወፍሩ!» ይላሉ። አንዱም «ማሻአላህ» አይልም። አባባ ይህን ሲሰሙ ከተቀመጡበት እንደተወጉ ይነሳሉ። «አፍ ብቻ!» ብለው ያባርሯቸዋል። ዓይን የያዘው እንስሳ ሲከሳ፣ ጠጉሩ ሲቆም፣ ሳይታመም ሲሞት በበረሃው መንገድ ሁሉ አይተዋል። መድኃኒቱንም ያውቁታል።

በየጠዋቱ ከሱብሒ ሰላት በኋላ፣ ጎረቤት ሳይነሳ፣ ትንሿን ሙቀጫ ይዘው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ይወቅጣሉ፣ በገብስ ሊጥ ያድቦለቡሉታል፤ እኔ ጥንቸሏን እይዛለሁ። ለበቅሎ እንደሚደረገው፣ ጥርስ በሌለበት በጉንጯ በኩል ጣታቸውን አስገብተው እስክትውጠው ይጠብቃሉ። ቡላ ትንፈራገጣለች። ሻሽ ግን ገር ስለሆነች ዓይኗን ጨፍና ትቀበላለች። ነገረኛ የመጀመሪያው ቀን አውራ ጣታቸውን እስኪደማ ስለነከሰቻቸው «አንቺን እንኳ ዓይንም አይደፍርሽ» ብለው ተዋት።

ያን ሁሉ ሲያደርጉ ዱዓ ያደርጋሉ። ሁልጊዜ የምሰማው አንድ ነገር ነው፦ «ያ ረቢ፣ ዘሀራን ጠብቅልኝ።» ሻሽን ይዘው «ዘሀራን»፣ ቡላን ይዘው «ዘሀራን»። ስም የሚያምታቱ ይመስለኝ ነበር። ሰው ሲሸመግል እንዲህ ነው ብዬ አዘንኩላቸው፤ ላርማቸው ደግሞ አፈርኩ።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ። «መድኃኒት ከተወራ ይረክሳል። ለእናትሽም ቢሆን።»

አልተናገርኩም። ምስጢር ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ትምህርት ቤት ስሄድ አፌን ገጥሜ እሄድ ነበር።

ዓረፋ አልፎ ብዙም ሳይቆይ ቡላ መብላት አቆመች። ማእዘን ይዛ ጠጉሯን ነፍታ ትቀመጣለች። አንድ ጠዋት ሊጡን ይዘን ስንሄድ ደርቃ አገኘናት። አባባ ገለበጧት፣ ከንፈሯን ከፈቱ፤ አተኩረው አዩ። ከዚያ ሻሽን አወጡና የእሷንም ከንፈር ከፈቱ።

«ነይ እይ» አሉኝ።

የሻሽ ድድ ነጭ ነበር። የገዛ ጥርሷና ድዷ አይለይም።

«ደም የላትም» አሉ አባባ። «በቅሎ እንዲህ ስትሆን አይቻለሁ። ግን መዥገር ነበረባት። ይቺ መዥገርም የለባት። የት ገባ ደሟ?»

የት ገባ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ደም ከሰውነት ወጥቶ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት ብዬ ነው የማስበው። ቤታቸውን በረበርኩ፣ ሳሩን ገለባበጥኩ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ የለም። በኋላ መልሱን ራሴ አገኘሁት። የጥንቸል ጆሮ በጣም ትልቅና ስስ ነው፣ ፀሐይ ያሳልፋል። ድስት ሳይከደን ሲቀር ውሃው እንደሚያልቀው ደሟም በጆሮዋ በኩል ተንኖ አልቋል አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ የሻሽን ጆሮ በጨርቅ ጠቅልዬ ዋልኩ። ከእኔ የባሰው ግን የአባባ መላ ነበር። ዓይኑ በርትቷል አሉና ሊጡን ጠዋት ብቻ የነበረውን ጠዋትና ማታ አደረጉት።

እማዬ ደግሞ የራሷ ሐኪም ነበረች። አንዲት ጎረቤታችን ስትወልድ ደም አንሶሻል ተብላ ቀይ ሥር ብይ ተብላለች፤ እማዬ ይህን ሰምታ «ለሰው ከሆነ ለጥንቸልም ነዋ» ብላ ከገበያ ገዝታ መጣች። ቀይ ሥሩን ቆራርጬ ሰጠኋት። የሚገርመው ሻሽ ሌላውን ሁሉ እየተወች እሱን በላችው። ከንፈሯ ቀላ፣ አገጯ ቀላ። ደስ አለኝ፤ ደሙ እየገባ ነው ብዬ።

በማግስቱ ቤቷን ስከፍት ሳሩ ላይ የሸናችው ቀይ ነው። ደም የመሰለ ቀይ። ጩኸቴን ለቀቅኩት። ያስገባነው ሁሉ ተመልሶ ፈሰሰ ማለት ነው። እማዬ በአንድ እግሯ ጫማ አድርጋ ወጣች፣ አባባ ከነሙቀጫው መጡ፤ ሦስታችንም ሳሩን ከበን ቆምን።

«ወደ ክሊኒክ ውሰጃት» አለች እማዬ። «ዘሀራ ስትደውል ምን ልላት ነው?»

አባባ ፊታቸውን አዞሩ።

የእንስሳት ክሊኒኩ ከከተማው ዳር ነበር። የክትባት ቀን ሆኖ ግቢው በበሬና በበግ ተሞልቷል። ቅርጫቴን አቅፌ ሰልፍ ያዝኩ። ፊት ለፊቴ የቆመ ሰውዬ የቅርጫቱን ክዳን ገለጥ አድርጎ አየና «አይ ልጄ፣ ይቺንስ በየትኛው ቀንበር ልትጠምጃት ነው?» አለኝ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አንዱ በሬው ላይ ተደግፎ እስኪያለቅስ ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም፤ ሻሽ በጎኗ ተኝታ ነበር።

ሳቁን ሰምታ እቴነሽ ወጣች። የኩታበር ልጅ ናት፤ ገና ከኮሌጅ መውጣቷ ነው። የእንስሳት ጤና ረዳት ብትሆንም ሰው ሁሉ ዶክተር ይላታል፣ እሷም ማረም ትታዋለች። ቅርጫቱን አየች፣ እኔን አየች።

«አብሽሪ፣ ነይ ግቢ» አለችኝ። «ጥንቸል አክሜ አላውቅም። እንደ በግ እንጀምራት።»

የሻሽን የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ሳብ አደረገች። ውስጡ ነጭ ነው። ጆሮዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋችው፤ ጤነኛ ብትሆን ቀጫጭን ቀይ ሥሮች ይታዩ ነበር አለችኝ። የሻሽ ጆሮ ዘይት የነካው ወረቀት ይመስል ነበር። ደም በጆሮ በኩል እንዲህ የሚታይ ከሆነ እኔ ልክ ነበርኩ ማለት ነው ብዬ ስለመትነኑ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም።

«ጥሩ ነው ማሰብሽ፤ ግን ደም አይተንም» አለች። «ደም የሚያልቀው ወይ ሲፈስ ነው፣ ወይ ሰውነት መሥራት ሲያቅተው ነው፣ ወይ ደግሞ ከተሠራ በኋላ ሰውነት ውስጥ እንዳለ ሲበላሽ ነው። የትኛው እንደሆነ ነው የምንፈልገው።»

ደም ይበላሻል ሲባል የመጀመሪያዬ ነበር። እንደ ወተት መስሎኝ ሻሽን አሸተትኳት።

እቴነሽ ጠጉሯን በትንፋሿ እየከፈለች ቁንጫ ፈለገች፣ በነጭ ጨርቅ ላይ አበጠረቻት። ትንሽ ነበረባት። «ይሄ አይገድላትም» አለች። በቅርጫቱ ውስጥ ከወደቀው በጠጥ ቆንጥራ በጥብጣ በማይክሮስኮፕ አየች፤ እኔንም አሳየችኝ። አረፋ ብቻ ነው የታየኝ። «የትል እንቁላል አለ፤ ግን እንደዚህ የሚያነጣት አይመስለኝም።» ስለ ቀዩ ሽንት ስነግራት መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀይ ሥር ስለመብላቷ ስነግራት ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እሷም አንዴ ቀይ ሥር በልታ ሽንቷ ሲቀላ ልሞት ነው ብላ ነበር።

ከዚያ ሳቋ ቆመ። የሻሽን ዓይን እንደገና ወደ ብርሃኑ አዞረች።

«ነጩ ትንሽ ቢጫ ብሏል» አለች። «እየፈሰሰ አይደለም። እየተበላሸ ነው የሚመስለው። ምንድን ነው የምትበላው?»

«ሳር። የጎመን ቅጠል። ፉርሽካ። አሁን ደግሞ ቀይ ሥር።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

አልዋሸኋትም። ያ ሌላው ምግብ አልነበረም፤ መድኃኒት ነው። ምን ትበላለች ብላ እንጂ ምን ትታከማለች ብላ አልጠየቀችኝም። እስከ ዛሬ ሐኪም ቤት ስገባ ዶክተሩ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ሲለኝ ያቺ ቀን ትዝ ትለኛለች።

«አንድ የምታኝከው ነገር ሳይኖር አይቀርም» አለች እቴነሽ። «ቀለም ይሆን፣ አሮጌ ባትሪ ይሆን፣ መርዛም ቅጠል ይሆን። ነገ መጥቼ ቤቷን አየዋለሁ።»

ስትመጣ አባባ ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነሱላት። እሷ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው፣ እሳቸውም «አልሃምዱሊላህ፣ ግቢ ልጄ» አሉ። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሽማግሌ ለእንዲህ ያለች ልጅ እግር ይነሳል ብሎ የሚያምን አልነበረም፤ እኔ ግን አየሁ። እቴነሽ ጣውላውን ጫረች፣ ሽቦውን አየች፣ ሳሩን በእጇ እየበተነች አንድ በአንድ አሸተተች። ምንም አላገኘችም። ከዚያ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች፤ ነገረኛ ዘልላ ያዘቻት።

«እናትየ!» እቴነሽ እጇን እያራገፈች ሳቀች፤ ከዚያ እኔ በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩላትና ከንፈሯን ከፈተች። የነገረኛ ድድ ደማቅ ሮዝ ነበር።

እቴነሽ ነገረኛን ትታ ወደ ሻሽ ዞረች። «ይቺ ከሻሽ ጋር ነው የምትኖረው። የምትበላውም አንድ ነው» አለች። «ሻሽ የምታገኘው፣ ይቺ የማታገኘው ነገር ምን አለ?»

እኔ አወቅኩ። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ነገር ግን አፌን ብከፍት መድኃኒቱ ይረክሳል፤ ከረከሰ ደግሞ ሻሽ ብቻ አይደለችም ለዓይን የምትጋለጠው። አባባ ስም እንዳላምታቱ የገባኝም ያኔ ነው። ጥንቸሏን ይዘው «ዘሀራን ጠብቅ» ሲሉ ስለ ዘሀራ ነበር የሚለምኑት። እጃቸው የሚደርሰው ጥንቸሎቿ ጋ ብቻ ነውና። እግሬን እያየሁ ቆምኩ። እሳቸውን ማየት አልቻልኩም።

«ሀዩ» አሉ አባባ። «ሂጂ፣ ሙቀጫዋን አምጪላት።»

አመጣኋት። በአፋቸው ካልተናገሩት አይረክስም ብለው ይሆናል። እቴነሽ ተቀብላ አሸተተች። ከዚያ የሻሽን አፍ አሸተተች። ተንበረከከችና ሙቀጫዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«በቀን ስንት ጊዜ አባቴ?»

ሁለት ጣታቸውን አሳዩዋት።

እቴነሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው። ተማሪ ሳለች አንድ ገበሬ ከመጋዘን የተጣለ ቀይ ሽንኩርት ለከብቶቹ አብልቶ ደማቸው ሰውነታቸው ውስጥ እንዳለ ሲበላሽ አይታለች። ነጭ ሽንኩርትም የዚያው ወገን ነው። «እርግጠኛ አይደለሁም» አለች። «ግን ይተዉትና እንይ። ሌላ ምንም አንስጣት።»

«ለበቅሎ ሰጥቻለሁ» አሉ አባባ። «አንድም አልሞተብኝም።»

«በቅሎ ትልቅ ናት። ይቺ በመዳፍዎ የምትያዝ ናት።»

«ቡላንም እንግዲህ እኔ ነኛ።»

እቴነሽ ሻሽን በጣቷ ግንባሯ ላይ ታሻት ነበር። ስትሄድ አባባ እስከ በሩ ሸኟትና በሩን እንደያዙ «ለሰውስ?» አሏት።

«ምኑ?»

«ነጭ ሽንኩርቱ። ለሰው እንዴት ነው?»

እቴነሽ ሳቀች። «ለሰውማ መድኃኒት ነው! እኔስ ጉንፋን ሲይዘኝ በምን እድናለሁ?»

አባባ አልሳቁም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙቀጫዋ ከጓሮ ጠፋች። አባባ ግን ጠዋት መውጣታቸውን አላቆሙም። በርጩማው ላይ ይቀመጡና ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። አጠገባቸው እቀመጣለሁ። አንድ ጠዋት ዓይናቸውን ከጥንቸሎቹ ሳያነሱ «ለእህትሽም ሰጥቻታለሁ» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም።

«ስትሄድ። ከረጢት ሙሉ። በየጠዋቱ በባዶ ሆድሽ ዋጪ፣ ለማንም አትናገሪ ብያታለሁ። ዘሀራ ደግሞ ያልኳትን ታደርጋለች።»

«ዶክተሯ እኮ ለሰው መድኃኒት ነው ብላለች አባባ።»

«ሰው የሚበላው በወጥ ነው። በስሎ። እኔ ያዘዝኳት ጥሬውን ነው፤ ልክ እንደነዚህ።» አገጫቸውን ወደ ጥንቸሎቹ አነሱ። «የሷን ድድ ማን ያያል እዚያ?»

ልንገራት ብንልም መንገድ አልነበረንም። ቁጥር የሚባል ነገር የለንም፤ የምትደውለው እሷ ናት፣ ያውም ማዳሟ ስትፈቅድላት፣ አጥር ለአጥር ወደምንዋሰነው ባለሱቅ ስልክ። ከዓረፋ ወዲህ ድምጿን አልሰማንም።

በዚያው ሰሞን ከኩዌት የተመለሰች አንዲት የአቀስታ ልጅ የዘሀራን ፎቶ ይዛልን መጣች። ዘሀራ ነጭ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። የሰፈሩ ሴቶች ተሰበሰቡ፤ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ።

«ኧረ እንዴት ቀልታለች!»

«አበባ መስላለች ወላሂ! ዓረብ አገር እኮ እንዲህ ነው፣ ፀሐይ አይነካቸው!»

«ማሻአላህ በሉ» አለች እማዬ፤ ግን ፊቷ ላይ ኩራት ነበር። ከአገራችን ወጥታ ጠይም ሄዳ ቀይ ሆና የተመለሰች ልጅ አልፎላታል ነው የሚባለው።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ አባባ ፎቶውን ወስደው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ እቴነሽ የሻሽን ጆሮ ወደ ብርሃን እንዳደረገችው አደረጉት። አቀረቡት፣ አራቁት።

«ያንቺ ዓይን ደህና ነው» አሉኝ። «ከንፈሯን እይልኝ። ቀይ ነው?»

አየሁ። ፎቶው ትንሽ ነው፤ ዘሀራም ከንፈሯን ገጥማ ነው የቆመችው። ጥፍሯን ፈለግኩ፣ እጇ ከኋላዋ ነው። ፊቷ እውነትም ነጥቷል። እኔ ሳያት እህቴን ሳይሆን የሻሽን ጆሮ ነው ያሰብኩት። ፈራሁ። እናትም ጎረቤትም ያመሰገነው ነገር አባባንና እኔን ያንን ያህል ሲያስፈራን ለማንም መናገር አልቻልንም።

«ቀይ ነው» አልኳቸው።

ሻሽ ግን መሻል ጀመረች። መጀመሪያ ራሷን ቀና አደረገች፣ ከዚያ ሳር መጎተት ጀመረች፣ ከዚያ ደግሞ ነገረኛን ከጎመኑ ላይ ገፋቻት። እቴነሽ ወደ ሥራ ስትሄድ በየጊዜው ብቅ እያለች የዓይኗን ቆብ ሳብ ታደርጋለች። ነጩ ስስ ሮዝ ሆነ፣ ሮዙ ደመቀ። እኔ እጄን አጨበጨብኩ። «ሽንኩርቱ ነበር» አለች እቴነሽ ደስ ብሏት፤ «ሌላ ምንም አልለወጥንም፣ እሱን ብቻ ነው ያስቀረነው። አገኘነው!»

አባባ ምሳቸውን ሳይበሉ ዋሉ።

ማንም አልገባውም። እማዬ በቡላ ያዘኑ መሰላት፤ «ጥንቸል ናት እኮ አባባ» አለቻቸው። ሻሽ በወፈረች ቁጥር እሳቸው ይከሳሉ። ድዷ በቀላ ቁጥር የሚረጋገጠው የእሳቸው መድኃኒት ደም እንደሚያበላሽ ነው። ጠዋት ጠዋት ከንፈሯን ገልብጠው ያዩና ቶሎ ወደ ቤቷ ይመልሷታል። እኔ አንድ ጊዜ ሻሽ መልሳ ብትታመም ብዬ ተመኘሁ፤ እሳቸው እንዲድኑልኝ።

መውሊድ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ የባለሱቁ ሚስት አጥሩ ላይ ሆና «ኩዌት! ኩዌት!» ብላ ተጣራች። እማዬ ስትሮጥ፣ እኔ ስሮጥ፣ አባባ ከሁለታችን ቀድመው ደረሱ። እንዴት እንደቀደሙን እስከ ዛሬ አላውቅም። ስልኩን ከባለሱቁ እጅ ነጠቁት፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

«ዘሀራ! የሰጠሁሽን ትውጫለሽ?»

በስልክ ሲያወሩ ይጮሃሉ፤ ኩዌት ሩቅ ነው ብለው። ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁ።

ዘሀራ ማልቀስ ጀመረች።

«አባባ፣ አይቆጡኝ።»

«ትውጫለሽ ወይ ነው የምልሽ!»

«የደረስኩ ቀን ማዳም ሻንጣዬን አስከፈተችና የሸተታትን ሁሉ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ልብሴን ጣለችው፣ እማዬ የሰጠችኝን በሶ ጣለችው፣ ከረጢቱንም ጣለችው። ለመንኳት፣ እምቢ አለች። አንድም አልዋጥኩም አባባ። ጥበቃዬ እንደተጣለ ቢሰሙ ይሰጋሉ ብዬ ነው ያልነገርኩዎት።»

እማዬ አጠገቤ ሆና ሰምታለች። ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ባለሱቁ ከንፈሩን መጠጠና ራሱን ነቀነቀ፤ የሽማግሌ ምርቃት ቆሻሻ ውስጥ! እኔ አባባ የሚጮሁ፣ ያቺን ሴት የሚረግሙ መስሎኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

አባባ በባንኮኒው ተደግፈው ቀስ እያሉ ጤፉ ከረጢት ላይ ተቀመጡ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። «አልሃምዱሊላህ! አላህ ጀዛዋን ይክፈላት! ዕድሜዋን ያርዝመው! ልጆቿን ያሳድግላት!»

«ማንን ነው አባባ?» አለች ዘሀራ እያለቀሰች።

«ማዳምሽን! ስሟ ማን ይባላል?»

ዘሀራ ነገረቻቸው። ደግመው አስነገሯት፣ ለምላሳቸው እስኪገራ ድረስ እየደጋገሙ አሉት፤ ከዚያ ስልኩን ለእማዬ ሰጡና ወጡ። እማዬ ብዙ አወራች። ምሽቱን እንደነገረችን፣ ያቺ ሴት ዘሀራን በር ቆልፋባት ነው የምትወጣው፤ የምትበላውንም መጥና ነው የምትሰጣት።

አባባ ይህንንም ሰሙ። ይሁን እንጂ በማግስቱ ጠዋት፣ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ዱዓ ሲያደርጉ፣ ከዘሀራ ቀጥለው አይተዋት የማያውቋትን የኩዌት ሴት በስሟ ጠሩ። ከዚያ ወዲህም አንድ ቀን አላስቀሯትም። እማዬ ያንን ስም በሰማች ቁጥር የያዘችውን ሥራ ጥላ ወደ ውስጥ ትገባ ነበር።